ከቆሎ እስከ ውሃ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬ የአንድ ቧንቧ ወሬ ነው። ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከጉሮሮ ተነሥቶ፣ በልብ ጀርባ ቁልቁል ወርዶ፣ ጨጓራ ላይ ያበቃል። ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን አንድ ቀን እንኳ አያስበውም። የሚያስበው ቧንቧው እንቢ ያለ ዕለት ነው። ምርምሩ የተጻፈው በፈረንጅ ዘመን ስለሆነ ዓመታቱንም በዚያው እቆጥርላችኋለሁ፤ አትታዘቡኝ።

ቦታው ጉለሌ ነው፤ የእንጦጦ ግርጌ። ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሸጥበት፣ እናቶች የእንጨት ሸክም ይዘው ከተራራው የሚወርዱበት ጉለሌ። ይህ ሰፈር ከበሽታ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ለስንት ዓመት ወደዚያ ሲላክ ኖሯል። ወያላው «ፓስተር! ፓስተር!» የሚልበት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማለት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረው እዚያ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታልም እዚሁ ጉለሌ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለድሀ ተብሎ የተሠራ፣ በኛ ሚሊኒየም የሕክምና ኮሌጅ የሆነ፣ በ2015 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገበት። ከየክፍለ ሀገሩ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣው ወደነዚህ በሮች ነው።

አሁን አንድ ሰው ልፍጠርላችሁ። ተራኪ ነኝና ይፈቀድልኛል። ሰውዬው ፈጠራ ናቸው፤ የሚደርስባቸው ግን ፈጠራ አይደለም። ከአርሲ የመጡ ገበሬ ናቸው። ስም አልሰጣቸውም፤ ነርሷም፣ የተራ አስከባሪውም «አባባ» ነው የሚሏቸው፤ እኛም አባባ እንበላቸው። ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ ለሐኪሙ የምትተረጉምላቸው አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ናት።

መጀመሪያ የከዳቸው ቆሎ ነው። አንድ ፍሬ ደረታቸው መሐል ቆመ። ውሃ ጠጡበት፤ ወረደ። «ጥርሴ ነው፣ አላኘክሁትም» አሉ። ቆሎ ተዉ። ከወር በኋላ ጥብስ ቆመ። በሠርግ ቤት ነበርና ነውር እንዳይሆን ወደ ውጭ ወጥተው ጣሉት። ሥጋ ተዉ። ጎረቤት መከረ፤ «ጨጓራ ነው፣ ተልባ ይጠጡ»። ተልባ ጠጡ። ከከተማ ፋርማሲ የጨጓራ ክኒን ተገዛላቸው፤ ለሁለት ሳምንት ተሻላቸው መሰለ። ከዚያ እንጀራ ተራው ደረሰ፤ በወጥ አርሰው፣ በውሃ እየገፉ። ቀጥሎ ገንፎ። ቀበቶአቸው ላይ በካራ አዲስ ቀዳዳ በሱ፤ ትንሽ ቆይተው ሌላ በሱ። ገንፎ ሲያንቃቸው አጥሚት ተሠራላቸው። ጉለሌ የገቡት አጥሚቱም ሲመለስ ነው። ከዚህ በኋላ የቀረው ውሃ ነው።

ሐኪሙ «ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ።

አባባ «ትንሽ ጊዜ ነው» አሉ።

ልጅቱ ተረጎመችና ከራሷ ጨመረችበት፤ «ትንሽ ይላል እንጂ ዶክተር፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። አሁን ግንቦት ነው።»

እዚህ ላይ አባባን እንዳትወቅሱብኝ። ቧንቧው ራሱ ነው የሚያታልለው። ተለጣጭ ነው፤ ግማሹ በዕጢ ተይዞም የቀረው ግማሽ ተስፋፍቶ ምግብ ያሳልፋል። ሕመም የለውም። ቆሎ በቆመ ዕለት ዕጢው ቦታ ይዞ፣ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። ሌላም መጥፎ ዕድል አለ። ጨጓራና አንጀት ከውጭ የሚለብሱት ስስ ሽፋን አላቸው፤ የምግብ ቧንቧ የለውም። ከግድግዳው የወጣ ዕጢ የሚያቆመው ነገር ስለሌለ በቀላሉ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በዓለም ላይ በ2022 ብቻ 511 ሺህ ያህል ሰዎች የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው፤ በዚያው ዓመት 445 ሺህ ያህል ሰው በዚሁ በሽታ ሞተ። ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደተጠጋጉ እዩልኝ።

አባባን በጎናቸው አስተኟቸው። ጉሮሯቸው ላይ ማደንዘዣ ተረጨ፤ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፋቸው ገባ። መቼም ይህን ነገር መጀመሪያ ያሰበው ሰው ድፍረቱ! በ1868 አዶልፍ ኩስማውል የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ሰይፍ የሚውጥ የትርኢት ሰው አግኝቶ፣ ይህ ሰው ሰይፍ ከዋጠ ቱቦም ይውጣል ብሎ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ አስዋጠው። ኢንዶስኮፒ የተወለደው በዚያ ምስኪን ጉሮሮ ነው። የዛሬው ቱቦ ተጣጣፊ ነው። ወደታች ወረደና ቆመ። ዕጢው መንገዱን ይዞታል። ሐኪሙ በትንሽ መቆንጠጫ ናሙና ቆንጥሮ ወደ ፓቶሎጂ ላከ።

ውጤቱ የቧንቧውን ውስጥ ከሚያለብሱት ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተነሣ ካንሰር ነው፤ ሐኪሞች ስኳመስ የሚሉት። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ይፈለጋል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሁለት ዓይነት ነውና። አንደኛው ይህ ነው። ሁለተኛው አዴኖካርሲኖማ ነው፤ የጨጓራ አሲድ ለዓመታት ወደላይ እየረጨ የቧንቧውን ታችኛ ጫፍ ሲለውጠው የሚመጣ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የበረከተ። በኛ በኩል አብዛኛው ስኳመስ ነው።

በኛ በኩል ስል ደግሞ ኢትዮጵያን ብቻ ማለቴ አይደለም። ከኛ ጀምሮ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚወርድ አንድ ረጅም ቀበቶ አለ። በ1971 ፖላ ኩክ የተባለች ተመራማሪ የአፍሪካን የዚህ ካንሰር ካርታ አውጥታ፣ በሽታው በአንድ ቦታ ሰውን እየፈጀ ትንሽ አለፍ ብሎ እንደሚጠፋ አሳየች። የጠረጠረችው ከበቆሎ የሚጠመቀውን ጠላ ነበር። በኢትዮጵያ ቀበቶው የሚጠብቀው አርሲና ባሌ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ያሉ የካንሰር ሐኪሞች ይህን ከጥናት በፊትም ከካርድ ላይ ያነቡት ነበር። ለምን አርሲ? ለምን ባሌ? በ2017 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ተመራማሪ ማሪያ ሊዮን፣ ከዶክተር ማቴዎስ አሰፋና ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ጫትን መረመረች። 73 ሕሙማንና 133 ከነሱ ጋር የሚወዳደሩ ሰዎች ተጠየቁ። የሚቅሙት ላይ አደጋው እጥፍ ያህል ሆኖ ታየ፤ ሆኖም ሰዉ ጥቂት ነበር፣ ብዙው ቃሚም ትንባሆ ይጨምርበታል፤ ስለዚህ የስታቲስቲክስ ሚዛን ጫትን ሊፈርድበትም ነጻ ሊያወጣውም አልቻለም።

ሙቀትም ይጠረጠራል። በኢራን ጎለስታን በምትባል አገር 50 ሺህ ያህል ሰው ለዓመታት ተከታትለው፣ እሳት የሆነ ሻይ የሚጠጡት ላይ በሽታው እንደሚበረታ በ2019 አሳተሙ። በ2016 ዓለም አቀፉ ድርጅት ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣን ማናቸውንም ትኩስ መጠጥ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ጋር መደበው። ቡና ጠጪዎች አትደንግጡ! በዚያው ስብሰባ ቡና ራሱ ለ25 ዓመት ከቆየበት የተጠርጣሪዎች መዝገብ ወጥቷል። ጥፋቱ የፍሉ ነው። ገንፎን እንፋሎቱ ሳይወጣ በቅቤ እየጠቀሱ የሚሽቀዳደሙትም ይህን ቢሰሙ አይጠሉ፤ እኔ ራሴ ከነዚያ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ። አባባ ቆሎው ከመቆሙ በፊት፣ ምንም ሳይሰማቸው፣ ነገሩን የሚያይ መንገድ አልነበረም?

ነበር። ለዚህ ወደ ቻይና ልውሰዳችሁ፤ ሩቅ ነው አትበሉ። ሄናን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በታይሃንግ ተራሮች ሥር ሊንሺየን የሚባል ወረዳ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የወረዳው ሹም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዡ ኤንላይ፣ በአገራቸው ሦስት ነገር እንደማያልፍ ነገሯቸው ይባላል። ውሃ አያልፍም፤ መንገድ አያልፍም፤ በጉሮሮ እህል አያልፍም። ለውሃው ሕዝቡ ራሱ ተራራ ፈልፍሎ ቀይ ሰንደቅ የተባለውን ቦይ ሠራ። ለጉሮሮው ሐኪሞች ተላኩ። ሲደርሱ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? ዶሮዎቹም ይታመማሉ! የሰው ፍርፋሪ የሚለቅሙት የሊንሺየን ዶሮዎች ማንቁርታቸው ላይ ካንሰር ያወጣሉ።

ሼን ቺዮንግ የተባሉ የሄናን ሐኪም ኢንዶስኮፒ ለገበሬ ሁሉ እንደማይደርስ ስላወቁ ሌላ ነገር አሰቡ። መረብ የለበሰች ትንሽ ፊኛ ከቀጭን ቱቦ ጋር ታስራ ትዋጣለች፤ ጨጓራ ስትደርስ ትነፋለች፤ ከዚያ ቀስ ተብላ ትሳባለች። ስትወጣ የቧንቧውን ግድግዳ እየፋቀች ሕዋስ ይዛ ትመጣለች፤ ሕዋሱ መስተዋት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እጅግ ብልህ ዘዴ ነበር፤ ኋላ በጥንቃቄ ሲመዘን ግን ከሕሙማኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ያመልጣል።

ስለዚህ ወደ ቱቦው ተመለሱ፤ ግን አንድ ጠርሙስ ጨምረው። በጠርሙሱ ያለው አዮዲን ነው። ፓሪሳዊው ዣን ሉጎል በ1829 የበጠበጠው፣ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ውሕድ። ትምህርት ቤት ሳለን አዮዲን ድንች ላይ ስናንጠባጥብ የሚሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ ስታርቹን አግኝቶ ይጠቁራል። ጤነኛው የቧንቧ ሕዋስም ግላይኮጅን የሚባል ስንቅ ያስቀምጣል፤ ይህም የስታርች ዘመድ ነው። አዮዲን ሲረጭበት ግድግዳው ሁሉ ቡናማ ይሆናል። ወደ ካንሰር መንገድ የጀመረ ሕዋስ ግን ስንቁን ጨርሷል፤ ቀለሙን አይቀበልም፤ ገርጥቶ ይቀራል። ሐኪሙ የገረጣውን ይቆነጥራል። በ1998 ዶውሲ የተባለ ተመራማሪና ጓደኞቹ ከሊንሺየን እንዳሳተሙት፣ በባዶ ዓይን ሲታይ ከከባድ ሕመሞቹ 62 በመቶ የሚገኙ ሲሆን አዮዲን ከተረጨ በኋላ 96 በመቶ ተገኙ። ዋጋ አለው፤ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚገረጣም ቦታ አለና ብዙ የማያስፈልግ ናሙና ይወሰዳል፤ ደረትም ለጊዜው ያቃጥላል። ሆኖም ይህን የሚሠራው ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ርካሽ ጠርሙስ ነው።

አሁን ጆሮአችሁን በደንብ ስጡኝ፤ የታሪኩ ልብ እዚህ ነው። እነዚያው ሐኪሞች ናሙና የወሰዱላቸውን ሰዎች 13 ዓመት ተኩል ተከታተሏቸው። ሕዋሱ ጤነኛ ከነበረው ሰው 8 በመቶው ካንሰር ያዘው፤ አገሩ ክፉ ነውና። ሕዋሱ ትንሽ የተዛባበት 24 በመቶ። መካከለኛ የተዛባበት 50። በጣም የተዛባበት 74። ከዚህ ውስጥ አስደንጋጩን ሳይሆን ጊዜውን ተመልከቱልኝ። ዓመታት ናቸው! አባባ ቆሎ ካቃታቸው ወዲህ ያለው ወራት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በሽታው ዓመታት ሙሉ ቀጭን፣ ላዩን ብቻ የያዘ፣ በቱቦው ጫፍ ተላጥቶ ሊወጣ የሚችል ነገር ሆኖ ቆይቷል። ጺሺየን በምትባል ሌላ ወረዳ ይህን በተግባር አዩት። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆነ የአንዳንድ መንደር ነዋሪዎች በአዮዲን የታገዘ ኢንዶስኮፒ አንድ ጊዜ ብቻ ተደረገላቸው፤ የተገኘባቸው ታከሙ። የሌሎች መንደሮች ሰዎች አልተደረገላቸውም። ከ10 ዓመት በኋላ ባልታየው ወገን 5.05 በመቶው በዚህ ካንሰር ሞቶ ነበር፤ በታየው ወገን 3.35 በመቶ። አንድ ጊዜ በመታየት ብቻ ከሦስት ሟች አንዱ ተረፈ ማለት ነው። በ2015 ነው የታተመው።

ታዲያ ይህን ለአርሲ እናድርግ? በአፍ ቀላል ነው። ማሽኑ፣ የሚያጥበው ሰው፣ ማደንዘዣው፣ ሐኪሙ፣ ናሙናውን የሚያነበው ፓቶሎጂስት። ይህ ሁሉ ደግሞ ምንም ላላመመው ሰው! ቆሎ እየቆረጠመ ለሚስቅ ገበሬ «ና ቱቦ ዋጥ» ብትሉት ምን እንደሚመልስላችሁ መገመት አያቅትም። ተመራማሪዎች ባዮማርከር የሚሉትን ነገር የሚያሳድዱት ለዚህ ነው፤ ከደም፣ ከምራቅ ወይም ከተፋቀ ሕዋስ ላይ ተለክቶ «ይህን ሰው ወደ ቱቦው ውሰዱት፣ ያንን ተዉት» የሚል ምልክት።

አንዱ ምልክት በካምብሪጅ ተገኝቷል። ፕሮፌሰር ሬቤካ ፊትዝጀራልድ የሼን ቺዮንግን ሐሳብ በሌላ መልክ አመጡት። የቪታሚን ክኒን የምታህል ካፕሱል ክር ታስሮባት ትዋጣለች፤ በጥቂት ደቂቃ ሽፋኗ ይሟሟና ውስጧ የተጨመቀው ስፖንጅ ይከፈታል፤ ነርሷ ክሩን ይዛ ትስባለች። ሐኪም አያስፈልግም፤ ማደንዘዣ አያስፈልግም። ከዚያ ሕዋሱ ቲኤፍኤፍ3 ለሚባል ፕሮቲን ይቀለማል። በ2020 ላንሴት ላይ በወጣው ጥናታቸው፣ በተለመደው መንገድ ከሚገኘው አሥር እጥፍ የሚሆን ቅድመ ካንሰር ተገኘ። እሰይ ነው! ነገር ግን ያዙልኝ ያልኋችሁ ስም አሁን ይፈለጋል። ቲኤፍኤፍ3 የሚገልጸው አሲድ የለወጠውን፣ አንጀት የመሰለውን ሕዋስ ነው፤ የሁለተኛውን ዓይነት ዘር። አባባ ያንን ስፖንጅ ከአምስት ዓመት በፊት ውጠው ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀለም የሚገኝባቸው ነገር አልነበረም። ምልክቱ ትክክል ነው፤ በሽታው ሌላ ነው።

ስፖንጁ ራሱ ግን አልተጣለም። በ2021 በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ በኩል፣ የመንደር ሰው ይውጠዋል ወይ ተብሎ ተሞከረ፤ ዋጠው፣ ሕዋሱም ተገኘ። በ2023 ደግሞ ቻይናውያን በስፖንጅ የወጣውን ሕዋስ ኮምፒውተር እንዲያነበው አሠልጥነው፣ ለስኳመሱም እንደሚሠራ አሳዩ። ፓቶሎጂስት በጣት በሚቆጠርበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ብጠየቅ ገንዘቤን ከደም ምርመራው ይልቅ እዚህ ላይ ነው የማደርገው።

የዲኤንኤውን ነገር ደግሞ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ እንቆቅልሹ ያለው እዚያ ነው። ትንባሆ ሳንባን ሲያበላሽ በሕዋሱ ዲኤንኤ ላይ የታወቀ ኮቴ ጥሎ ይሄዳል፤ ኮቴውን የሚያነብ ሰው ሌባውን ያውቀዋል። እንግዲያው የዚህን ካንሰር ኮቴ ብናነብ አርሲን የሚያጠቃውን ሌባ እንይዘዋለን ተባለ። ከስምንት አገሮች የ552 ሕሙማን ሙሉ ዲኤንኤ ተነበበ። ቻይና፣ ኢራን፣ ጃፓን፣ ብራዚል፣ እንግሊዝ፣ ከኛ ቀበቶ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ማላዊ። ኢትዮጵያ የለችበትም። በ2021 ውጤቱ ወጣ፤ በሽታው የሚበዛበት አገር ሰውና የሚያንስበት አገር ሰው ኮቴው ተመሳሳይ ነው! ብዛቱን የሚያስረዳ የተለየ ኮቴ አልተገኘም። ሌባው ገብቷል፣ ወስዷል፣ አሻራ አልተወም። ምናልባት ዲኤንኤውን ሳይነካ ሕዋሱን እያቆሰለ፣ እያስቆጣ፣ የተበላሸው እንዲበዛ መንገድ የሚጠርግ ነገር ይሆናል። ፍል መጠጥም ጭስም እንደዚያ ሊሠሩ ይችላሉ ብለው የሚያስቡ አሉ።

በዚህ ላይ ሌላ ራስ ምታት። ካንሰሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፒ53 የሚባለው ጂን ተበላሽቶ ይገኛል፤ እንግዲያው የተበላሸ ጂን ያለበትን ሰው እንፈልግ ትላላችሁ። በ2018 ግን የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የጤነኛ ሰዎችን ቧንቧ አንብበው ጉድ አገኙ። መካከለኛ ዕድሜ ላይ የደረሰ ሰው፣ ካንሰር የሌለው ሰው፣ የቧንቧው ግድግዳ ብዙው ክፍል ካንሰር ላይ በሚታወቁ የተበላሹ ጂኖች ተሸፍኗል። ኖች1 የሚባለው እንዲያውም ከካንሰሩ ይልቅ በጤነኛው ላይ ይበዛል። እንግዲህ ብልሽት መገኘቱ ብቻውን ምንም አይነግርም። የትኛው ብልሽት፣ ከየትኛው ጋር፣ ምን ያህል ቦታ ይዞ? ሰው ሁሉ ደሙን ሰጥቶ «አለብህ፣ የለብህም» የሚባልበት ቀን የዘገየው ተመራማሪዎቹ ስለሰነፉ አይደለም።

ከቀበቶው ውስጥ ግን አንድ ቁጥር አለ፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እርሱ ነው። በኬንያ ቦሜት በሚባል አገር፣ ቴንዌክ ሆስፒታል አካባቢ፣ ምንም የማይሰማቸው 305 ሰዎች ተለምነው በአዮዲን ታዩ። 14.4 በመቶዎቹ ላይ ሕዋሱ መዛባት ጀምሯል። በ2016 ነው የታተመው። ከሰባት ጤነኛ አንድ ማለት ነው። ያ አገር ደጋ ነው፤ ወተትና ገንፎ የሚወድ፣ ጭስ ባለው ጎጆ የሚያበስል ደጋ። ለአርሲ ሰው ሲነግሩት የገዛ አገሩን የሚነግሩት ይመስለዋል።

አባባስ? የደረሱት ዘግይተው ነው፤ ቀዶ ሕክምና አይሆናቸውም። ስቴንት አለ፤ ከሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ነው፤ ተጨምቆ ይገባና ዕጢው መሐል ይከፈታል። ቴንዌክ ብቻ በ2009 ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ስቴንቶች ማስገባቱን አሳትሟል፤ ካንሰሩን አያድንም፣ ጉሮሮን ይከፍታል። አባባም ገባላቸው። በማግስቱ ሾርባ፣ በሦስተኛው ቀን በደንብ የራሰ ፍትፍት በሉ። ልጃቸው ስታጎርሳቸው አልቅሳለች፤ እርሳቸው ግን ጨው አነሰው ብለው ተቆጡ።

ሐኪሙ የመውጫ ወረቀት እየጻፈ ልጅቱን ጠየቃት። «እህት ወንድም አላቸው?»

«አንድ ወንድም አለው፤ አጎቴ። አብረው ነው የሚያርሱት።»

«በዕድሜ?»

«ሁለት ዓመት ያንሰዋል።»

«አምጪልኝ።»

ልጅቱ ግራ ገባት። «እሱ እኮ ጤነኛ ነው ዶክተር። ሁሉን ይበላል። አንድም ቀን አሞኛል ብሎ አያውቅም።»

«እኔም ያመመውን ብፈልግማ ደጅ ሞልቷል» አለ ሐኪሙ። «ምንም ያላለውን ነው የምፈልገው።» የቀጠሮውን ቀን በሁለት ወረቀት ጻፈላት፤ አንዱ ቢጠፋ ብሎ።